በባለቤቴ ፋንታ ስተኩስ

የባለቤቴ ቀኝ ትከሻ እምቢ ያለው አንድ ጠዋት ፀጉሯን ልታስይዝ እጇን ስታነሳ ነው። ክንዷ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር፤ ትንፋሿን ስትውጥ ሰማሁና ቀና አልኩ።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም። እሰርልኝ" አለችና ላስቲኩን ሰጠችኝ።

አሰርኩላት። ለእንዲህ ያለ ነገር እጄ አይታመንም፤ ፀጉሯ ወደ አንድ ጎን ዘምሞ ነው ሥራ የሄደችው።

ሮማ ውስጥ የምንኖረው ከካሲሊና መንገድ ገባ ብላ፣ አንድ መኝታ ክፍልና ጠባብ ወጥ ቤት ባላት ቤት ነው። እኔ ሳይነጋ ተነስቼ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ካለው ገበያ የአትክልት ሣጥን አራግፋለሁ፤ ቀትር ላይ ስወጣ ጀርባዬ የእኔ አይመስለኝም። እሷ ደግሞ ትተኩሳለች። የአገር ሰው "ባለቤትህ ምን ትሠራለች?" ሲለኝ "ስቲራ" እለዋለሁ፤ እዚህ ለሚኖር ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ፎቅ ለፎቅ እየዞረች የሰው ሸሚዝ፣ የሰው ሱሪ፣ የሰው አንሶላ በካውያ ታቀናለች። ከቤቶቹ ሁሉ ዋናው ፕራቲ ሰፈር የሚኖሩ አዛውንት ባልና ሚስት ቤት ነበር። ኮንትራቷ ከእነሱ ጋር ነው፤ ፔርሜሶዋም፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የሚታደሰው በዚያ ኮንትራት ነው።

ሐኪሙ ክንዷን ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ እያደረገ አየና "ቴንዲኒቴ" አለ። የትከሻዋ ጅማት ተቆጥቷል፤ ምናልባት ትንሽ ሳይቀደድም አልቀረም። ለረጅም ጊዜ ከባድ ነገር እንዳታነሳ አስጠነቀቃት።

"ሥራሽ ምንድን ነው?"

"እተኩሳለሁ።"

"አሎራ፣ እንግዲህ ካውያውን ለጊዜው ተሰናበቺው።"

ቤት እንደገባን ስልኳን አንስታ የፕራቲዋ ሲኞራ ጋ ደወለች። ታማሚ ሠራተኛ አይባረርም ይላሉ፤ እሷ ግን የምትፈራው ሌላ ነገር ነበር። በእሷ ቦታ ሌላ ሴት ከገባች ያቺ ሴት ትለመዳለች፤ ሽማግሌ ደግሞ የለመደውን አይለቅም። ስለዚህ ወጥ ቤት ቆማ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ "ባለቤቴ ይመጣል" ስትል ሰማኋት።

ከወዲያኛው ጫፍ የሲኞራዋ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል። "ባልሽ? መተኮስ ይችላል?"

"በሚገባ!"

ስልኩን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች። "እስከ ሰኞ ትችላለህ" አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት ካውያ ጨብጬ አላውቅም ማለት ይቻላል። ተማሪ ሳለሁ አዲስ አበባ የትምህርት ቤት ሱሪዬን አጥፌ ከፍራሽ ስር አስገባና ሌሊቱን እተኛበት ነበር፤ ጠዋት መስመሩ እንደ ቢላ ስለት ሆኖ ይወጣል። ከጋብቻ በኋላ ደግሞ ልብሴ ተተኩሶ ወንበር ላይ ይጠብቀኛል። እንዴት እዚያ እንደደረሰ የሚያስጠይቅ ነገር አልነበረም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ እንደበላን የመተኮሻ ጠረጴዛውን ወጥ ቤት ዘረጋሁት። በምድጃውና በማቀዝቀዣው መሃል ሲገባ ለእኔ የተረፈኝ መቆሚያ ብቻ ነው። እሷ በሩ ላይ ወንበር አድርጋ፣ ክንዷን በሻሽ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ተቀመጠች።

"ከፍ አድርገው" አለችኝ። "ጠርዙ ወገብህ ጋ ይድረስ። ጎንበስ ብለህ ከሠራህ ማታ ጋደም ማለትም አትችል።"

ከፍ አደረግኩት። ካውያውን ይዤ ወደ ቧንቧው ስሄድ በተቀመጠችበት ጮኸች።

"ከቧንቧ እንዳትሞላ! የሮማ ውሃ ለመጠጥ ነው እንጂ ለካውያ አይሆንም፤ ኖራ አለው። ካልካሬው ውስጡ ይጋገርና ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል፤ ከዚያ አንድ ቀን ነጭ ልብስ ላይ ይተፋዋል።"

ከመታጠቢያው ስር ያለውን የተጣራ ውሃ ጄሪካን አሳየችኝ። ሶኬቱን ሳልሰካ እስከ ምልክቱ ሞላሁ፤ ሰካሁና ቁልፉን ልጫን ስል አሁንም ከለከለችኝ።

"መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቅ። ሳይግል እንፋሎት ብትጠይቀው የሚሰጥህ ውሃ ነው።"

ጠበቅሁ። ጀርባዬን ማቀዝቀዣው ላይ አስደግፌ ቆሜ ዓይኔ ሊከደን ደረሰ።

"አትተኛ" አለችኝ። "ሁልጊዜ ከዝቅተኛው ሙቀት ጀምር። ናይለን ነክ የሆነውን መጀመሪያ፣ ከዚያ ሱፉን፤ ጥጥና የተልባ እግር መጨረሻ። ካውያ ለመጋል ይፈጥናል፣ ለመቀዝቀዝ ግን ይለግማል። ከጥጥ ወደ ናይለን ከተመለስክ አቅልጠኸው ታርፋለህ። ካላወቅከው የልብሱን ውስጥ ምልክት እይ፤ ነጥቦቹን ቁጠር።"

መለማመጃው የራሴ ሸሚዝ ነበር። ኮሌታውን በውስጥ በኩል፣ ከጫፎቹ ወደ መሃል፤ ከዚያ ትከሻውን፣ የእጅጌውን ጫፍ፣ እጅጌውን፤ ገላውን መጨረሻ። ቁልፎቹን በዙሪያቸው እንጂ በላያቸው አልሄድም። እኔ ግን ሣጥን እንደሚገፋ ሰው ክብደቴን ሁሉ ጥዬበት ነበር፤ ጠረጴዛው ሲጥ ሲጥ ይላል።

"ምን አድርጎህ ነው የምትደፈጥጠው?" ሳቀች፤ ሳቁ ትከሻዋን ሲነካት ደግሞ ተኮሳተረች። "እንፋሎቱ ይሥራ። አንተ ምራው ብቻ። ካውያ ጉልበት አይፈልግም።"

ስጨርስ ሸሚዙን ሳላጥፍ አሰቀለችኝ፤ በትኩስነቱ የታጠፈ ልብስ ተመልሶ ይጨማደዳል። የተረፈውን ውሃ አስደፋችኝ። ካውያውን በቂጡ አቁሜው እስኪበርድ ድረስ ገመዱን እንዳልጠመጥምበት አስማለችኝ። ሸሚዙን ተነስታ አየችው፣ ጀርባው ላይ ያለውን ጭምድድ በግራ እጇ ጣት ዳሰሰችና "ለጥልያን አይሆንም፤ ለአንተ ይበቃል" አለች።

ሰኞ ከገበያው እንደወጣሁ ፊቴን ታጥቤ ሜትሮ ገባሁ። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ ሁለት ሰው ከያዘ ሦስተኛው አየር አያገኝም። በሩን የከፈቱልኝ ቀጭን፣ ሸበቶ፣ ወገባቸው ያልጎበጠ ሴትዮ ነበሩ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ረጅም ነህ" አሉና የመተኮሻውን ክፍል አሳዩኝ። ቅርጫቱ ሞልቶ ፈስሷል። አንድ ሸሚዝ የለበትም፤ ሁሉም አንሶላና የትራስ ልብስ ነው።

ደሜ ፈላ። ሳጠናው የከረምኩት ኮሌታና እጅጌ ምን ሊሠራልኝ ነው? ደግሞስ ሰው የሚተኛበትን ጨርቅ መተኮስ ምን የሚሉት ቅንጦት ነው? ሌሊት ተኝተውበት ያው ይጨማደዳል። ስለዚህ አንሶላውን አራት አጥፌ ላዩን ብቻ አለፍ አለፍ እያደረግሁ መደርደር ያዝኩ። ከላይ ሲያዩት የሱቅ ዕቃ ይመስላል።

ሲኞራዋ መነጽራቸውን አድርገው መጡ። የመጀመሪያውን አንሶላ አነሱና ዘረጉት። ውስጡ እንደ ደረቀ የጎመን ቅጠል ነበር። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጡም።

"ና" አሉኝ።

ከጎን ያለው ክፍል በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ባለቤቴ "ሽማግሌው ተኝተዋል" ስትለኝ ኖራለች፤ እኔ ከሰዓት በኋላ የሚያሸልቡ ሰው አድርጌ ነበር የሳልኳቸው። ተኝተዋል ማለቷ ለካ ከአልጋ አይነሱም ማለቷ ነው። ግማሽ አካላቸው ከከዳቸው ቆይቷል። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነበር፤ ትንፋሻቸው ከሩቅ ይሰማል።

ሲኞራዋ ፒጃማውን ከጀርባቸው ገለጥ አደረጉት። ከሽንጣቸው በላይ ቀጭን ቀይ መስመር አለ፤ በእርሳስ የተሰመረ ይመስላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ በፋሻ የተሸፈነ ቁስል።

"ይሄ ቀዩ የእሑድ ነው" አሉኝ በዝግታ። "ሚስትህ ስለቀረች ያልተተኮሰ አንሶላ አንጥፌ ነበር። አንዲት እጥፋት። እኔና አንተ ብንሆን እንገላበጣለን፣ እሱ ግን ያችን እጥፋት ተሸክሞ ያድራል። ያኛውም ቁስል እንዲሁ ነው የጀመረው።"

ወደ አንሶላዎቹ ልመለስ ስል ግን አልለቀቁኝም።

"ጊዜው ደርሷል፤ እናዙረው። አንተ እዚያ ቁም፣ ሚስትህ የምትቆምበት።"

"ባለቤቴ?"

"ታዲያ ማን? ጠዋት ነርሷ ትመጣለች። ከሰዓት እኔና እሷ ነን።" አልጋው ዳር ያለውን ቦታ በአገጫቸው አመለከቱኝ። "አንዱን ክንድህን ከትከሻው ስር፣ ሌላውን ከዳሌው ስር። ሦስት ስል ወደ አንተ።"

ሽማግሌው ከስተዋል፣ ግን ራሱን ማገዝ የማይችል ሰው ክሳቱ አያቀለውም። ሣጥን ቢከብድም እጀታ አለው። ስስባቸው የቀኝ ትከሻዬ ጅማት ተወጠረ፤ ባለቤቴ አመመኝ ስትል እጇን የምታሳርፍበት፣ ማታ ማታ ዘይት የማሽላት ያ ቦታ ነው። ስናዞራቸው ዓይናቸውን ገለጡና አዩኝ።

"ቺ ኤ?" አሉ፤ ማነው ማለታቸው ነው። ቃሉ ከአፋቸው ጥግ ነበር የወጣው።

"ባሏ ነው" አሉ ሲኞራዋ።

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። "ፎርቴ" አሉ። ጉልበተኛ።

አንሶላዎቹን ሁሉ ዘርግቼ እንደ አዲስ ተኮስኳቸው። መሸብኝ። ሜትሮው ውስጥ ቆሜ ስመለስ በጭንቅላቴ የሚዞረው ያ "ካውያ ጉልበት አይፈልግም" ያለችኝ ነገር ነበር። እውነቷን ነው፣ አይፈልግም። ካውያ የዚያን ትከሻ ጅማት አይቀድም።

ቤት ስገባ በግራ እጇ ሽንኩርት ለመላጥ ስትታገል ደረስኩ። ጃኬቴን ሳላወልቅ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

"ሰውየውን ታነሺ ነበር እንዴ?" አልኳት።

ሽንኩርቱን አስቀመጠች። "አሳዩህ?"

"አነሳኋቸውኮ። ከባድ ናቸው።"

"አዎ፣ ይከብዳሉ።"

"የተቀጠርሽው ለመተኮስ ነው።"

"እሱማ ለመተኮስ ነው።" ጣቶቿን በፎጣ ጠረገች። "አንድ ቀን ከወዲያኛው ክፍል ማቃሰት ሰማሁ። ብቅ ስል ሲኞራዋ ለብቻቸው ይታገላሉ፤ አልጋው ላይ በጉልበታቸው ወጥተው። በሰባ ምናምን ዓመታቸው። ታዲያ ካውያዬን ይዤ ልቁም? አንድ ቀን አገዝኩ፤ በማግስቱ ደግሞ ጠሩኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሥራ ሆነ።"

"ለእኔ ግን ለምን አልነገርሽኝም?" ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ የጎረቤቱ ቴሌቪዥን ዝቅ አለ።

"ብነግርህ ትመጣ ነበር" አለችኝ።

"ምን?"

"ከሌሊት ጀምረህ ሣጥን ስትሸከም ውለህ፣ እሷን ላግዝ ብለህ እዚያ ትመጣ ነበር። አውቅሃለሁ። ስንቱን ትሸከማለህ?"

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ቁጣም አቅም ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስቆም የዋልኩ ሰው ነኝ። ሽንኩርቱን ከፊቷ ወስጄ ላጥኩት። ያን ማታ በልተን ተኛን።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በአንድ ልክ የተቆረጡ ናቸው፤ ገበያ፣ ሜትሮ፣ ማዞር፣ መተኮስ። አንሶላ መተኮስ ግን ተማርኩ። ገመዱ ላይ ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ትንሽ እርጥበት እንዳለው ማንሳት። ስፌቱንና ጥልፉን ወደ ታች አድርጎ፣ ጎርባጣው ሰውነት እንዳይነካ። መሃሉን፣ ጀርባ የሚያርፍበትን፣ ደግሞ ማለፍ። ከዚያ በመዳፌ እዳስሰዋለሁ፤ ዓይን የሚያልፈውን እጅ ይይዘዋል። ሽማግሌው አንዳንድ ቀን ንጹሑ አንሶላ ሲነጠፍላቸው ጤነኛ እጃቸውን ጨርቁ ላይ ወዲያ ወዲህ ያደርጋሉ።

በዚያ ሰሞን አንድ ቀን እንደ ልማዴ ካውያውን ሰካሁ፣ መብራቱ እስኪጠፋ ጠበቅሁ፣ ንጹሕ አንሶላ ዘርግቼ እንፋሎቱን ተጫንኩ። ካውያው እንደ ሽማግሌው አሳለና ቡኒ ውሃ ከነጭ ቅርፊት ጋር አንሶላው መሃል ላይ ተፋ። ለማበስ ሞከርኩ፣ ባሰበት። የቅርጫቱ የመጨረሻ አንሶላ ነበር። ካውያውን አቁሜ ዝም ብዬ እድፉን ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በአንድ አንሶላ አለቀስኩ ብዬ ለማን እነግራለሁ?

ሲኞራዋ መጥተው አዩ። ፊታቸው ተለወጠ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ጠዋት ላግዝህ ብዬ ከቧንቧ ሞላሁት።"

"ቫ ቤኔ፣ ሲኞራ። ችግር የለም።"

"እንዴት ችግር የለም? አለ እንጂ!" አሉና ባዶውን የልብስ ቅርጫት ገልብጠው ላዩ ላይ ቁጭ አሉ። ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። "ደከመኝ" አሉ ወለሉን እያዩ። "ይህን ቃል ለልጄ በስልክ አልለውም፤ ለሐኪሙም አልለውም። ደከመኝ።"

የማጽናኛ ቃል ፈለግሁ። በጥልያንኛ የማውቀው የገበያና የወረቀት ቃል ነው። "እኔም ደክሞኛል፣ ሲኞራ" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም መስኮቱ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ካውያው እየበረደ ጠቅ ጠቅ ይላል። ከታች ሞተር ሳይክል አለፈ። ከጎን ክፍል ሽማግሌው እስኪጠሩ ድረስ ሁለታችንም አልተነሳንም።

በኋላ ውሃውን ደፍቼ በተጣራው ሞላሁት፤ እድፍ የማያሳስበው አሮጌ ጨርቅ ላይ እንፋሎቱን ደጋግሜ ለቀቅሁት፣ ጥርት እስኪል። አንሶላውን ሲኞራዋ ራሳቸው አጠቡት።

ይህን ለባለቤቴ ስነግራት እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። በማግስቱ ከገበያ ስወጣ ሜትሮው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። "አብሬህ እሄዳለሁ" አለች። መንገዱን በሙሉ ምን ልትል እንደሆነ አልነገረችኝም።

ሲኞራዋ ሲያዩዋት እጃቸውን ዘርግተው አቀፏት፤ ሽማግሌውም አወቋት፣ በጤነኛው የፊታቸው በኩል ፈገግ አሉ። ወጥ ቤት ተቀመጥን። ባለቤቴ የቀረበላትን ሻይ ሳትነካ፣

"ሲኞራ፣ ትከሻዬ የተጎዳው በካውያው አይደለም" አለች።

ሴትዮዋ አዩዋት። ከዚያ እኔን አዩኝ። የሻይ ማንኪያውን ከስኒው አውጥተው ጎኑ አስቀመጡት።

"ሰውየውን በማንሳት ነው" ቀጠለች ባለቤቴ። "ይኼ ወቀሳ አይደለም። እጄን ይዞ ያስገደደኝ የለም፤ አይቼ ማለፍ ስላልቻልኩ ነው። አሁን ግን የባለቤቴ ትከሻ ሊከተል ነው። የእርስዎም። ነርሷ ማንሻ መሣሪያ አለ፣ ከሰዓትም ሰው ይላካል ስትልዎት እኔ ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ።"

"ባሌን ማሽን አንጠልጥሎት ላየው አልፈልግም" አሉ ሲኞራዋ።

"ከሚወድቁብዎት አይሻልም?"

ሲኞራዋ ተነስተው ወደ ባላቸው ክፍል ገቡ። በሩ ተዘጋ። ተባረርን ብዬ ባለቤቴን አየኋት፤ እሷ ሻይዋን አንስታ ትጠጣ ጀመር። ሴትዮዋ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ስልኩን አንስተው ሐኪሙ ጋ ደወሉ።

መሣሪያው ለመምጣት ብዙ ወረቀትና ብዙ ጥሪ ጠየቀ፣ ግን መጣ። ከሰዓት የሚመጣም አንድ ጎረምሳ ነርስ ተመደበ። እኔ መተኮሴን ቀጠልኩ። ቁስሉ አልዳነም፣ ግን አልሰፋም። ሽማግሌው መኸር ሲገባ አንድ ጠዋት በተኙበት አረፉ።

ከቀብር ስንመለስ ሲኞራዋ አሳንሰሩ ፊት ለፊት ባለቤቴን እጇን ያዟት። "አንቺ ግን ነይ" አሏት። "አትተኩሺም፣ አታነሺም። ምሳ እንሠራለን፣ አብረን እንበላለን። ኮንትራቱ ባለበት ይቀጥላል።" ባለቤቴ እሺ አለቻቸው። እኔን ደግሞ "አንተ ሂድና ተኛ" አሉኝ። ምክር ብቻ ይሁን ስንብትም ይጨመርበት እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ሜትሮው በዚያ ሰዓት ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ጎን ለጎን መቀመጫ አገኘን፤ ሁለታችንም በቀን ብርሃን አብረን ሜትሮ ውስጥ ከተቀመጥን ስንት ጊዜያችን። ሳን ጆቫኒ ወርደን ሌላውን መስመር መያዝ ነበረብን። ከዚያ ወዲያ ያለችውን ፖንቴ ሉንጎን አይቻለሁ ትላለች እሷ፤ እኔ ከሳን ጆቫኒ በፊት ያለውን ቴርሚኒንም አላየሁም፤ እንቅልፍ ወስዶናል። የቀሰቀሰን መጥረጊያ የያዘ የጽዳት ሠራተኛ ነው።

"አናኛና" አለን። "መጨረሻው ነው፣ ውረዱ።"

የመድረኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጉንጯ ላይ የጃኬቴ ስፌት ታትሞባታል። ባቡሩ ባዶውን ወጣ።

"ቀጣዩ መቼ ነው?" አለችኝ።

"ይመጣል።"

"እንግዲያው እስኪመጣ" አለችና በደህናው ትከሻዋ ተደገፈችኝ።